ሰው ሲኖር የሚጠፋው ኳኳታ

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ

የሆቴሉ ዘበኛ የግቢውን በር ከፍቶልኛል፤ ከመንገዱ ግን ዞር አላለም። መኪናዬን ከፊት መብራቷ እስከ ኋላ ኮፈኗ ቃኛት፤ ቀጥሎ እኔን ቃኘኝ።

«ማዘር፣ በዚች ነው ሰመራ የሚገቡት?»

«አይ፣ ተሸክሜያት ነው።»

ሳቀ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅኩ። የጠየቀኝ ራሴን ስጠይቅ የሰነበትኩትን ነው።

አሮጊቷ እላታለሁ መኪናዬን፤ በስድሳ ሦስት ዓመቴ ይህን ለማለት መብት አለኝ። ከፋሲካ ወዲህ ከግራ የፊት ጎማዋ በኩል ኳ፣ ኳኳ፣ ኳ ትላለች። ለስላሳ አስፋልት ላይ ዝም ነው፤ መንገዱ ሻከር ሲል ትጀምራለች። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ጋራዥ አዙሬያታለሁ። ሁለቱም የፊት አሞርዛተሮች ተቀየሩ። ቡሾቹ ተቀየሩ። ቴስቲናው ተቀየረ። ኳኳታው ንቅንቅ አላለም። ከሁሉ የሚያቃጥለው ደግሞ ሜካኒክ አጠገቤ ሲቀመጥ ጭጭ ማለቷ ነው። እሱ ወርዶ ሁለት መታጠፊያ ሳልሄድ ትጀምራለች።

«ማዘር፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም» ይሉኛል፤ እርስ በርስ እየተያዩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማረ ሰው የኋላ ወንበር ጥቅሻ አያመልጠውም።

ልጄ ዳዊት ግን ፊት ለፊት ነገረኝ። «እማዬ፣ መኪናዋ ሳትሆን ጆሮሽ ነው። ዕድሜ ነው። በቃ መንዳት ተዪ።» ተጨቃጨቅን፤ ተኮራረፍን፤ በመጨረሻ ተስማማን። ሰመራ የምትሠራውን ልጄን ሰናይትን ለመጠየቅ በራሴ መኪና እሄዳለሁ። እዚያ እስክደርስ የኳኳታው ምንጭ ከተገኘ ቁልፉ የእኔ ነው። ካልተገኘ ቁልፉን ለሰናይት አስረክቤ በአውቶቡስ እመለሳለሁ፤ አሮጊቷም እዚያው ትሸጣለች። ሰናይት ገዢ እንኳ ፈልጋ አግኝታለች። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ቤተ ክርስቲያንም ያደረሰችኝ ይቺ መኪና ናት። እሷ ከሄደች እኔ ሰው አድርሶ ሰው የሚመልሰኝ ዕቃ ነኝ።

ከከተማው ከመውጣቴ በፊት በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል ዞርኩ። ያደግሁት እዚሁ ነው። አባቴ የባቡር ጎማ መርማሪ ነበር፤ ባቡሩ ሲቆም ረጅም እጀታ ባለው መዶሻ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታ ያዳምጥ ነበር። ደህናው ጎማ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል ይለን ነበር። የእሱን ልጅ «ጆሮሽ ነው» ማለት አጽሙን መስደብ ነው። ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። «አባባ፣ ዛሬ አታሳፍረኝ» ብዬ ማርሽ አስገባሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ፣ የአዋሽ ድልድይ

ገደሉ ሥር ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይፈሳል። ከፊቴ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪናዎች እየተነፈሱ ይወርዳሉ፤ እኔም ከኋላቸው ቀስ እላለሁ። ቁልቁለቱ ላይ አስፋልቱ ተቦዳድሷል፤ አሮጊቷ ግን ዝም። ዳገቱን ጨርሼ ሜዳው ላይ እንደወጣሁ ኳ፣ ኳኳ፣ ኳ። «አለሽ እንዴ?» አልኳት። ብቻዬን ስሆን አወራታለሁ፤ ይህን ለዳዊት አትንገሩብኝ።

ከአዋሽ አርባ በኋላ አንድ ሙሉ መንጋ ፍየል መንገዱን ሞላው። ቀስ ብዬ በመሀላቸው አለፍኩ። ዝም። ፍየሎቹ አለቁ፤ ኳኳታው ቀጠለ። ኬላው ላይ መታወቂያዬን ለሚያየው ፖሊስ ስለ ኳኳታው ነገርኩት፤ «እስቲ ይንዷትና ልስማ» አለኝ። ደግ ሰው ነው። ጉድጓዶቹ ላይ እየተጠነቀቅሁ ወዲያ ወዲህ ነዳሁለት። ጭጭ። መታወቂያዬን ሲመልስልኝ ያ ጋራዥ ውስጥ የማውቀው አስተያየት ዓይኑ ውስጥ ነበር። ተናደድኩ፤ እስከ ገዋኔ ድረስ ሬዲዮ እንኳ አልከፈትኩም።

3 ሰዓት፣ ገዋኔ

የአየሉ ተራራ ከበስተቀኝ ብቻውን ተገትሯል። ሻይ በትኩስ ዳቦ፣ ሁለት ሳምቡሳ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ አንገት ይይዛል።

ከሻይ ቤቱ ስወጣ አንድ የአፋር ሽማግሌ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት፤ ሽርጥ የታጠቀ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ፣ በእጁ የግመል ወተት የያዘ ጀሪካን ያንጠለጠለ።

«ሰላም አለይኩም። ሎግያ ትሄጃለሽ?»

ሁመድ ይባላል። ወንድሙን ጠይቆ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። «አንቺ» ሲለኝ አልከፋኝም። እዚህ አገር ሽማግሌ ለሽማግሌ «እርስዎ» አይባባልም፤ እኔም ከልጅነቴ እንደለመድኩት «አንተ» አልኩት። ወተቱን በእግሮቹ መሀል አድርጎ ከፊት ተቀመጠ።

አሮጊቷ የምትገምቱትን አደረገች። ዝም አለች፤ ደግሞ ሰው መጣና! ሁለት ሰዓት ሙሉ የሻከረውን መንገድ ሁሉ እንደ ሙሽራ አለፈችው። በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ ጉዴን ነገርኩት። «አሞርዛተሩ ነው» ብዬ ጀመርኩ።

«አልተቀየረም?»

«ተቀይሯል።»

«እንግዲያ እሱ አይደለም» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

6 ሰዓት ከሃያ፣ ሚሌ ሊደረስ ሲል

ሁመድ ዙሁር ሊሰግድ እንዳቆምለት ጠየቀኝ። ብቸኛ ግራር አገኘንና ከሥሯ ቆምን። ሰግዶ ሲጨርስ መኪና ውስጥ ይገባል ስል ጥላው ላይ ቁጭ አለ። በዱላው ጫፍ ፊት ለፊቱ ያለውን መሬት ነካ ነካ አደረገ።

«ቁጭ በይ። የመኪናሽን ዳጉ ንገሪኝ።»

ዳጉን አውቀዋለሁ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ የማን ከብት ጠፋ። በልጅነቴ ከሐዲዱ ዳር እንዲህ ተቀምጠው ሳይ ሥራ የፈቱ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ሰናይት ምሳ አዘጋጅታ እየጠበቀችኝ ነው። ግን ከእሱ ጋር መከራከር ከግራሯ ጋር መከራከር ሆነብኝና ተቀመጥኩ።

«ነገርኩህ እኮ፣ አሞርዛተሩ ካልሆነ ቡሹ—»

«ይሄ ዳጉ አይደለም። ይሄ ፍርድ ነው» አለኝ። «ፍርድ ኋላ ነው። ያየሽውን ለብቻ፣ ሰው የነገረሽን ለብቻ ንገሪኝ። አትቀላቅይ።»

ሦስቱም ጋራዥ የገባሁት ፍርድ ይዤ ነበር። «አሞርዛተሩ ሄዷል፣ ቀይሩልኝ።» ቀየሩልኝ። «ቡሹ ነው።» ቀየሩልኝ። እንዴት ነው የምትጮኸው፣ መቼ ነው የምትጮኸው ብለው ለመጠየቅ ማን ዕድል ሰጣቸው? የመርማሪው ልጅ ነኛ! አባቴ ግን ሳይመታና ሳያዳምጥ አንድ ቃል አይናገርም ነበር። ይህን እንዴት ረሳሁት?

ጀመርኩ። ድልድዩን፣ ፍየሎቹን፣ ኬላውን፣ ሜካኒኮቹን። ሁመድ በየመሀሉ «እሺ» ይላል፤ አያቋርጥም፤ ስዘል ግን ይመልሰኛል።

«ከመጮኋ በፊት ማን ነካት?»

«ማንም። ብቻ... ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው የፊት ፍሬን ሸራ አስቀይሬያለሁ።»

«እሺ።»

ስጨርስ ሁሉንም መልሶ ነገረኝ፤ አንዲት ነገር ሳያጎድል። ከዚያ ጣቶቹን አጠፈ። «ቁልቁለቱ ላይ ዝም አለች። ፍየሎቹ ጋ ዝም አለች። ፖሊሱ ጋ ዝም አለች። ከእኔ ጋር ዝም አለች። መኪና አላውቅም፤ ግመል ነው የማውቀው። የሚጮህ ግመል አራት ቦታ ዝም ካለ፣ አራቱም ቦታ ላይ አንድ ነገር አለ። አንቺ እዚያ ምን ታደርጊ ነበር?»

ምን አደርግ ነበር? ዓይኔን ጨፍኜ ቁልቁለቱን ነዳሁት። ፍየሎቹን ነዳሁት። ቀኝ እግሬ አሸዋው ላይ በራሱ ተንቀሳቀሰ።

«ፍሬን» አልኩ።

«ከእኔ ጋርስ?»

አፈርኩ። «ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ እጠነቀቃለሁ። እንዳይሉኝ ነው፣ አሮጊት መንዳት አትችልም እንዳይሉኝ። መንገዱ ሲበላሽ እግሬ ከፍሬኑ አይነሳም።»

ሁመድ ተነስቶ ሽርጡን አራገፈ። «እንግዲያ አንሺው።»

ተነሳን። አንድ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ የፈራረሰ አስፋልት አገኘን። እሱ «ቢስሚላህ» አለ፤ እኔ በስመ አብ አልኩ፤ እግሬን አነሳሁ።

ኳ፣ ኳኳ፣ ኳ፣ ኳኳኳ።

ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ ነካሁ። ዝም። ለቀቅሁ። ኳኳኳ። ነካሁ። ዝም።

«ሰማሁት» አለ ሁመድ በእርጋታ። «ወላሂ፣ ሰማሁት።»

ዳር ይዤ ቆምኩና አለቀስኩ። ለምን እደብቃለሁ? ከፋሲካ ጀምሮ ከእኔ ሌላ የሰማው የመጀመሪያው ሰው ነው። ሁመድ እስክጨርስ ጠብቆ በጀሪካኑ ክዳን ወተት ቀዳልኝ።

7 ሰዓት፣ ሚሌ

የጭነት መኪና ጎማዎች እንደ ግንብ የተደረደሩበት ጎሚስታ ጋ ገባሁ። ጀማል የሚባል፣ ክንዱ እስከ ክርኑ በግራሶ የጠቆረ ሰውዬ ወጣ።

«ምን ሆነች፣ ማዘር?»

ፍርዱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ዞር ብዬ ሁመድን አየሁ፤ በዱላው ተደግፎ እየጠበቀ ነው። «ሸካራ መንገድ ላይ በግራ ፊት ትጮኻለች። ፍሬን ሲነካ ዝም ትላለች። የጀመረችው ሸራ ከተቀየረ በኋላ ነው» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ጀማል አንገቱን ቀና አደረገ። «እንዲህ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ስንት ቀን አተርፍ ነበር» አለና ክሪኩን አስገባ። ጎማውን ፈታ። አሞርዛተሩን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። የፍሬን ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘውን ብረት በእጁ ጨብጦ ነቀነቀው።

ኳ፣ ኳኳ፣ ኳ።

ያው እሱ ነው! በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስት ሰው እየሰማው። ጀማል የታችኛውን ቡሎን በጣቱ አሽከረከረው፤ በጣቱ! ያለ ቁልፍ ዞረ። «ሸራ የቀየረው ሰው አላጠበቀውም። ሲላላ ሲላላ ነው እዚህ የደረሰው። ፍሬን ሲይዙ ብረቱ ስለሚጨበጥ ዝም ይላል፤ ሲለቁ ይማታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማዘር፣ ይሄ ቢወልቅ ጎማውን ሊያንቀው ይችል ነበር። ጆሮዎ ነው ያተረፈዎት።»

«እስቲ ድገመው» አልኩት።

«ምኑን?»

«የመጨረሻውን።»

ደገመልኝ። ቡሎኑን ለውጦ፣ ላይኛውንም አይቶ አጥብቆ አሰረው። ሲጨርስ ሦስታችንም ከጎኑ ካለው ምግብ ቤት ፓስታ በአትክልት አስመጥተን ከአንድ ሰሃን በላን። ጀማል ሁመድን «ሜካኒክ ነህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ሁመድ ሳቀ፤ ጥርሱ ሁለት ነው የቀረው።

8 ሰዓት ተኩል፣ ሎግያ

ከሚሌ እስከ ሎግያ ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስና የግመል መንጋ ነው። ያገኘሁትን ጉድጓድ ሁሉ ፈልጌ ገባሁበት፤ እግሬን አንስቼ። ዝም። ሁመድ ጣራውን በእጁ ይዞ «አሁንስ ወገቤ ሊጮህ ነው» ይለኛል። እንዲህ እየሳቅሁ የነዳሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ሰፈሩ ሳደርሰው ወተቱን ከነጀሪካኑ ትቶልኝ ወረደ። ለልጅሽ ስጫት አለኝ።

9 ሰዓት፣ ሰመራ

ሰፊ መንገድ፣ ትንሽ ጥላ። የሰናይት ቤት ያለበት መታጠፊያ ኮረኮንች ነው። ሰናይት ከበሩ ውጭ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ ስልክ ታወራለች። መምጣቴን በኳኳታው አውቃለሁ ብላ ትጠብቅ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። ኮረኮንቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነድቼ ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ። አልዞረችም።

ጡሩምባ ነፋሁ። ዘለለች።

«እማዬ! መቼ ደረስሽ? ምንም አልሰማሁም እኮ!»

ቁልፉን ነቀልኩ፣ አሳየኋት፣ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። «ገዢሽን ሌላ መኪና ይፈልግ በይው።»

ስልኩ ላይ የነበረው ዳዊት ነው። ከእጇ ወሰድኩት። «እማዬ፣ ምን ነበር? አሞርዛተሩ ነው አይደል? እኔ እኮ ድሮም—»

«ቁጭ ብለሃል?» አልኩት።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ምን እንደነበር ብቻ በአጭሩ ንገሪኝ።»

«ቁጭ በል» አልኩ። የበሩ ደረጃ ላይ ጥላ ነበር፤ ተቀመጥኩ፤ ሰናይትንም በእጄ ስቤ አስቀመጥኳት። ያየሁትን ለብቻ፣ ሰው የነገረኝን ለብቻ፤ ያጠፋሁትንም ሳልዘል። ከአዋሽ ጀመርኩላቸው።