አትዝገኚ

ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊቴ ክሊኒክ ሄጄ፣ የአገሬ ልጅ የሆነች ወጣት ነርስ ግፊቴን ለክታ ስትጨርስ ፊቷን ኮስተር አደረገችብኝ። «ማዘር፣ ችፕስ ምናምኑን ስቶፕ አድርጊ። ሲርብሽ ጨው የሌለው ነትስ ብዪ። ግን ኦቨር እንዳታደርጊው፣ ካሎሪው ሃይ ነው። ሃንድፉል ብቻ» አለችኝ። «ሃንድፉል» ስትል ቀኝ እጇን ጨብጣ አሳየችኝ። ያቺን የተጨበጠች እጅ ሳይ የተቆላ ፒካን፣ የዚያ የአሜሪካኖች ለውዝ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ክፍሉ የሚሸተው ግን አልኮል ብቻ ነበር። ልጅቷ ገና ሳትወለድ፣ እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ስቶን ማውንቴን ውስጥ፣ እህቴ ልክ እንደዚህ እጇን ጨብጣ አሳይታኝ ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። እህቴ ብዙ ዓመት ትበልጠኛለች። ከካርቱም ቀድማ መጥታ እኔን ያስመጣችኝ እሷ ናት። አንድ ሆስፒታል ማዕድ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ጨው የተከለከለውን፣ ስኳር የተከለከለውን፣ የሁሉንም በሽተኛ ምግብ በየትሪው ትደረድራለች። ያኔ ወፍራም ነበረች፤ ውፍረት ያማረባት፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሮ የሚስቅ። ካርቱም ላይ ቃል የተጋባችው እጮኛ ነበራት፤ ሮም ተቀምጦ ቪዛ ይጠብቃል። አክስቱ ግን እዚሁ አትላንታ ነበሩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ስንሄድ የእህቴን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርገው «ተመችቶሻል፣ እንዲህ ነው እንጂ ሴት» ይሏታል። የመጀመሪያዋን ጉርሻም ለሷ ነበር የሚያጎርሷት።

እናታችንን የገደላት ስኳር ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉ ሠራተኞቹን ሲመረምር ሐኪሙ ለእህቴ የነገራት ነገር አስደነገጣት። ስኳሯ ጠርዝ ላይ ደርሷል። ልጅ መውለድ ካሰበች ከአሁኑ ክብደት መቀነስ አለባት። ቤት ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ቢመጣ፣ ብንጋባ፣ ከዚያ መውለድ ቢያቅተኝስ?» አለችኝ። ሌላ ነገር አላሳሰባትም፤ እናት መሆን ነበር የምትፈልገው።

ማዕድ ቤቱ ውስጥ የበሽተኞችን ምግብ የምትወስን አንዲት አሜሪካዊት ባለሙያ ነበረች። ዶናቱን ተዪውና በሱ ፈንታ ለውዝ ብዪ፣ ለጾምሽም ይሆንሻል አለቻት። በቀን አንድ ሃንድፉል። እህቴ ቃሉን በራሷ አማርኛ እፍኝ ብላ ተረጎመችው። ሁለት መዳፏን ገጥማ «ይህን ያህል?» ብላ ብታሳያት ሴትዮዋ ሳቅ ገደላት። አንደኛውን እጇን ወደ ኪሷ መለሰችላት፤ የቀረውን ጣት በጣት አጥፋ አስጨበጠቻት። ማታ እህቴ ይህንኑ ለኔ አሳየችኝ። «እፍኝ አይደለም። ጭብጥ ነው» አለች፣ ትልቅ ምስጢር እንደምትነግረኝ ሁሉ።

ከአፓርታማችን ጀርባ አንድ ትልቅ የፒካን ዛፍ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ፍሬው እመኪኖቹ ጣሪያ ላይ ጠብ ጠብ ሲል እንሰማለን። ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሳውም። እኛ በፌስታል እየለቀምን፣ እየሰበርን፣ በመጥበሻ እናምሰው ነበር። ሽታው እስከ ደረጃው ድረስ ይወርዳል። ፒካኑ ሲያልቅ ኦቾሎኒ ትገዛለች፤ ዶራቪል ሄዳ፣ ጨው የሌለውን መርጣ። እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ እጄን ሳስገባ እጄን መታ ታደርገኛለች።

«አትዝገኚ። ይሄ ቆሎ አይደለም፤ ዘይት አለው። ስትዘግኚው የምሳ ካሎሪ በላሽ ማለት ነው።»

«እሺ፣ ወይዘሮ ካሎሪ» እላታለሁ። ትስቃለች። ጭብጧን ይዛ አንድ በአንድ፣ እያላመጠች፣ በጣም እየጣማት ነበር የምትበላው። ራሷን ስታስርብ አላየኋትም። ይህን የምላችሁ በኋላ ብዙ ስለተባለ ነው።

ሰኔ ሲገባ እህቴ ሌላ ሰው ሆነች። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳታለከልክ ትወጣለች። ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ መስተዋት ፊት ትዞራለች። ስኳሯ ተመልሶ ትክክል ሆነ። ሐኪሙ እጇን ጨበጣት፤ ያቺ ባለሙያ ደግሞ አቅፋ አነሳቻት። በሕይወቷ እንደዚያ ጤነኛ ሆና አታውቅም።

ነገር ግን ያ በሽታ ገና አዲስ የነበረበት ጊዜ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ያለው ወሬ ብቻ ነው። የኛ ሰው ስሙን አይጠራውም። «እገሌ ከሳ» ከተባለ በቃ፣ ሁሉም ይገባዋል። እኔና እህቴ ብቻ አልገባንም።

ዶራቪል አንድ ክርስትና ተጠርተን ሄድን። የእጮኛዋ አክስት እህቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩአትና ሳይስሟት «ምነው እንዲህ ከሳሽ ልጄ? ደህናም አይደለሽ?» አሏት።

«ደህና ነኝ እትዬ፣ ዳየት እያደረግኩ ነው» አለች እየሳቀች።

ምግብ ሲቀርብ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበብን። አክስትየው በወረቀት ሰሃን ለብቻው ምግብ አውጥተው ለእህቴ ሰጧት። ጉርሻም አላጎረሷትም። እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አየሽ፣ ዳየት ላይ መሆኔን አስበውልኝ እኮ ነው» አለች። ደስ ብሏታል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስከ ጓዳ ድረስ። ውሃ ልቀዳ ስገባ አክስትየው የእህቴን ሰሃን በናፕኪን ይዘው ወደ ቆሻሻ ከተቱት። ይሁን፣ ወረቀት ነው። ቀጥለው የጠጣችበትን ብርጭቆ፣ ደህናውን ብርጭቆ፣ አብረው ጣሉት። ብርጭቆ ቆሻሻ ውስጥ ሲሰበር የሚያሰማው ድፍን ያለ ድምፅ አለ። ዞር ሲሉ አዩኝ። አላፈሩም። «ልጆች አሉ እኮ ቤት ውስጥ» አሉኝ።

ለእህቴ አልነገርኳትም፤ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ከሮም ስልክ ተደወለ። ስልኳ ግድግዳ ላይ ነው፤ እህቴ ገመዱን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ታወራለች። «ጤነኛ ነኝ... ኧረ ከድሮውም ይሻለኛል... አትክልት፣ ኦቾሎኒ፣ ፒካን የሚባል አለ...» እጮኛዋ ሲስቅ ከወንበሬ ሆኜ ሰማሁት። «ኦቾሎኒ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያከሳው?» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቃት።

«የደም ምርመራ? እሺ፣ የስኳሩን ልላክልህ?» አለች። በእውነት የስኳሩ መስሏት ነበር። የስኳሩን አይደለም ሲላት ገመዱን መጠምጠሟን ተወች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ለማንም እህት አልመኝም። ስልኩን ሳትወረውር፣ ሳትጮህ፣ ቀስ አድርጋ ቦታው ሰቀለችው።

ተንጨረጨርኩ። «ተመርምረሽ ውጤቱን ፊታቸው ላይ ወርውሪው!» አልኳት።

«አላደርገውም» አለች። «ሳልታመም፣ ጤነኛ ነኝ ብዬ ማንንም አልለምንም።»

ሰውዬው ወደ ካናዳ አለፈ፤ አገባ፤ ወለደ። የማውቀው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ በላይ ማወቅም አልፈለግኩም።

ጥቅምት ተመልሶ ፒካኑ መውደቅ ጀመረ። እህቴ ፌስታሉን ሞልታ ገብታ በቅቤና በስኳር አመሰችው። ከዚያ ሁለት መዳፏን ገጥማ ዘገነች። መዝገኗን ሳይ ክው አልኩ። «ካሎሪውስ?» አልኳት፣ እንደ ቀልድ። «ካሎሪ ለማን ብዬ?» አለችኝ አፏ ሞልቶ። ዶናቱም ተመለሰ። ለፋሲካ ቀሚሷ መርፌ ቁልፍ አላስፈለገውም፤ እንዲያውም ጠበባት።

በዚያው ፋሲካ አክስትየው ጉንጯን ቆንጠጥ አደረጉና «አሁን ገና ሰው መሰልሽ» አሏት። በትልቁ ጠቅልለው እጃቸውን ወደ አፏ ዘረጉ። ፊቷን ታዞራለች ብዬ ጠበቅሁ። ጸለይኩ ብል ይቀላል። እህቴ አፏን ከፍታ ጎረሰች። ያቺን ጉርሻ የዋጠችው እሷ ናት፤ አንቃ የቀረችው ግን እኔን ነው። አክስትየው ካለፉ ቆይተዋል። ነፍስ ይማር ማለት ያለብኝ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ እላለሁም።

ከክሊኒኩ ስወጣ መንገድ ላይ ጨው የሌለው ለውዝ ገዝቼ ኮንየርስ፣ እህቴ ቤት ሄድኩ። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ልጅ አልወለደችም። ስኳሩ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ዓይኗን ይዞባታል። የበሩን ድምፅ ስትሰማ ስሜን ጠራች። መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ጉልበቷ ላይ አርፋ ተቀምጣለች። የላስቲኩን መቀደድ ሰምታ «ምንድን ነው?» አለች።

«ለውዝ ነው። ነርሷ አዝዛኝ ነው።»

ሁለት መዳፏን ገጥማ ዘረጋችልኝ። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና አንዱን ወደ ጉልበቷ መለሰች። በቀረችው ላይ ጥቂት አደረግኩላት፤ ጣቶቿን አጥፋ ጨበጠች። ልክ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኋትን የጠየቅኋት ያኔ ነው።

«እትዬ፣ ያን ፋሲካ ለምን ጎረስሽላቸው?»

የቱ ፋሲካ፣ የማን ጉርሻ አላለችም። አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ አድርጋ ቀስ ብላ አላመጠች።

«ርቦኝ ነበር» አለችኝ።