በሙጫ የደፈንኩት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ በየጠዋቱ አንድ ሰማያዊ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። እንግሊዝኛ አላነብም። ሚስቴ አንብባ ነገረችኝ። «አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ የሚጠብቀኝ የለም፣ በአዲስ ቀይሩኝ ነው የሚለው።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ማን በአዲስ ቀየረኝ?» አልኳትና ዘጋሁት።

ሥራችን ጥልፍ ነው። መቐለ ውስጥ፣ ወደ ቃላሚኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ አለችን። ሚስቴ ጥልፉን ኮምፒውተሩ ላይ ትሥላለች፣ ሥዕሉ በገመድ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ማሽኑ ጨርቁ ላይ ይወጋዋል። እኔ ክር እቀይራለሁ፣ ጨርቅ እወጥራለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጣላለሁ። እሷ የደሴ ልጅ ናት። ሳገባት ተሸካሚ ነበርኩ፣ ከጆንያ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። ሽበት ከጀመረኝ በኋላ፣ የክር ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እያሳየች ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ሆኖ የምጽፈው በአማርኛ የሆነው ለዚህ ነው። ቤታችንም የሚጣላው በአማርኛ ነው።

እንግሊዝኛው ላይ ግን አልደረስንም። ኮምፒውተሩን የማውቀው በቦታ ነው። ግራ ጥግ ያለችውን አረንጓዴ ስነካ ማሽኑ ይነሣል፣ ከሥሯ ያለችው ቀይ ታቆመዋለች። ሰው ሲያየኝ የማነብ ይመስለዋል። አዲሱ ሲገባ ደግሞ ቦታው ሁሉ ይቀያየራል አሉኝ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ልሆን ነው ማለት ነው። ይኼ አንዱ ፍርሃቴ ነበር፤ ትልቁ ግን ሌላ ነው።

ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሣለችው ጥልፍ ያለው እዚያች አሮጌ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። የደረቱ፣ የእጅጌው፣ የአሸንዳው፣ የሙሽራው፣ ሁሉም። ሌላ ቦታ አንድም የለም። እንዳይኖር ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በፊት አንዲት ልጅ ቀጥረን ነበር። ቀልጣፋ ነበረች፣ ኮምፒውተሩን ከሚስቴ እኩል ነው ያወቀችው። አንድ ክረምት፣ አሸንዳ ሊደርስ ሲል፣ ሚስቴ ገና ለማንም ያልሸጠችው የወይራ ቅጠል ጥልፍ ገበያ ውስጥ ሌላ ሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ልጅቷ በቦርሳዋ ፍላሽ ይዛ ትመላለስ ነበር። ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም። አባረርኳት። በማግስቱ ጠንካራ ሙጫ ገዝቼ ፍላሽ የሚሰካበትን ቀዳዳ ሁሉ ሞላሁት። ዛሬም ቢሆን እሞላዋለሁ። በጥልፍ ሥራ ሥዕልህ ከተሰረቀ የቀረህ ክር ብቻ ነው።

ማስታወቂያውን እየዘጋሁ ዓመት ባለፈልኝ ነበር። ነገር ግን ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ የሠራተኞቹ ልብስ ላይ ምልክቱን እንድንጠልፍ ጠየቀን። አሸንዳ ሲያልፍ እጃችንን አጣጥፈን ለምንቀመጥ ሰዎች ይህ የክረምት ከበጋ እንጀራ ነው። ምልክቱን ላኩልን፤ የኛ ፕሮግራም አልከፍትም አለ። የሚከፍተው አዲሱ ፕሮግራም ነው። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ አሮጌው ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ዊንዶውሱን ከቀየርን አሮጌው ፕሮግራማችን ይሞታል። አዲሱ የሚስቴን ጥልፎች ይከፍት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«አንድ ሰው ያውቃል» አለች ሚስቴ። «ጠርቻታለሁ።»

«ማንን?»

በዐይኗ ሙጫውን አሳየችኝ። ገባኝ።

ልጅቷ በአንድ ደመናማ የነሐሴ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። አሁን ልጅ አይደለችም፣ የራሷ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አላት። ሚስቴን እንደ አክስት «አሞይ» ብላ አቅፋ ሳመቻት። እኔን ከሩቅ ጎንበስ ብላ «ሐወቦይ፣ ደሓን ዶ?» አለችኝ፤ አጎቴ፣ ደህና ነዎት ማለቷ ነው። ደህና ነኝ አልኩ። አልነበርኩም።

«ምንም ከመነካቱ በፊት ቅጂ ይወሰዳል» አለች። ፍላሿን አውጥታ ወደ ሣጥኑ ጀርባ ጎነበሰች። ቆየች። ቀና ስትል እየሳቀች ነበር፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

«ሐወቦይ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ሙጫ።»

«ሁሉም ቀዳዳ?»

«ሁሉም።»

«ለእኔ ነው?»

«ላንቺና ካንቺ በኋላ ለሚመጡት።»

«ይብላኝ ለኮምፒውተሩ» አለች። «እኔስ በር ነበረኝ፣ ወጣሁ።»

ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቃል እንዳትመልስ» አለችኝ።

ቀዳዳ ከሌለ ሣጥኑ ተፈትቶ ሃርድ ዲስኩ ይወጣል፣ ከእሷ ላፕቶፕ ጋር በገመድ ይገናኛል። ሥዕሎቹን ገልብጣ አዲሱ ፕሮግራም ላይ ትሞክራቸዋለች። ሌላ መንገድ የለም አለች። ነገሩ ገባኝ። መዳናቸውን የማየው በሌባዬ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈቱ ነው።

ስትፈታ ራሷ ላይ ቆምኩ። «ብርሃኑን ከለሉብኝ እኮ» አለችኝ። አልተነቃነቅሁም። ብሎኑን አንድ በአንድ አወጣች፣ ዲስኩን እንደ እንቁላል አቅፋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። የሁለታችን ዕድሜ የመዳፍ ያህል ነው።

የመጀመሪያው ተከፈተ። የሙሽራ ደረት ነበር፣ ከነቀለሙ። ሁለተኛው ተከፈተ። ሚስቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትቆጣጠራለች፤ «ይቺ ስፌት አልዞረችም ወይ? አሳዪኝ... አይ፣ ደህና ናት። ወላሂ ደህና ናት።» እስከ መጨረሻው ተከፈቱ። ልጅቷ የአዲሱን ዊንዶውስ ማስገቢያ ዲስኩ ላይ ገልብጣ መልሳ ሣጥኑ ውስጥ አሰረችው።

«በይ አሁን ካንቺው ላይ አጥፊው» አልኳት።

«ላጠፋው እችላለሁ» አለች ዐይኔን እያየች። «ማጥፋቴን ግን በምን ያውቃሉ?»

ስፈራው የነበረውን ነገር እሷው ተናገረችው። ብታጠፋም፣ ደብቃ ብታስቀርም፣ ለእኔ አንድ ነው። አላነበውም።

ሚስቴ ጣልቃ ገባች። «ጥልፉን የሣለው የማን እጅ ነው?»

«ያንቺ።»

«እንግዲያው ዊንዶውሱ ገብቶ እስኪያልቅ አይጠፋም። አብሽሪ ልጄ፣ ቀጥይ።»

ልጅቷ ሁሉን አሰናድታ ስታበቃ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋችው። «የመጨረሻውን እርስዎ ይጫኑት። ነገ በእኔ እንዳያላክኩ።»

ውጭ ነጎድጓድ ጀምሮ ነበር። ጄኔሬተራችንን መንገድ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ በጤፍ ለውጨዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ዩፒኤስም ባትሪው ደክሟል። ይቆይ፣ ነገ ይሁን ለማለት አፌ ተከፈተ። የፋብሪካው ሰው ግን ናሙና የሚፈልገው በማግስቱ ነበር። ተጫንኩት።

ክብ ነገር መዞር ጀመረ። ከሥሩ «እስክጨርስ እንዳታጠፉኝ» ይላል አለች ልጅቷ፤ ቁጥርም አለ። ቁጥር አነባለሁ። ሦስታችንም ቁጥሩ ላይ አፈጠጥን። ግማሹን አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ቁጥሩ ቆመ፣ ደግሞ ሄደ። ከዚያ መብረቅ መጣና መብራቱ ጠፋ። ዩፒኤሱ እንደታነቀ ጫጩት ሁለቴ ጮኸና እሱም ጠፋ።

«ማጥፋት የለባችሁም ይል አልነበረም?» አልኩ።

«ይል ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ሱቁ ጨልሟል። አንድ የሚበራ ነገር ቢኖር የእሷ ላፕቶፕ ነው። ጉልበቷ ላይ ነበር፣ የሚስቴ የሙሽራ ደረት በቀይና በወርቅ እንደተከፈተ። ቅድም አጥፊው ብዬ የጮኽኩት እሱን ነው። ሣጥኑ ሞቶ ከሆነ በዓለም ላይ የቀረን ያ ብቻ ነው። ሚስቴ አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። እጇን የልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ሥዕሉን ታያለች።

መብራቱ ሲመለስ ዝናቡ አልቆመም ነበር። ሣጥኑን ያስነሣችው ልጅቷ ናት። ጥቁር ሆኖ ቆየ። ከዚያ ጽሑፍ አወጣ።

«ምን ይላል?»

«ወደ ድሮው እየመለስኩ ነው ይላል።»

መለሰው። አሮጌው ገጽ መጣ፣ አረንጓዴዋ በግራ ጥጓ፣ ጥልፎቹም በቦታቸው። ምንም እንዳልሆነ።

«ተርፏል» አለች ልጅቷ ተንፍሳ። «እንግዲህ ምን ይሻላል? እንዲሁ ይተው? ወይስ ይደገም?»

እንዲሁ ይተው ብል ማንም አይፈርድብኝም። መብራቱን አይታችኋል እል ነበር። አረንጓዴዬን አየኋት።

«ድገሚው» አልኩ።

«እሺ። በመጀመሪያ ግን ይኸው፣ ዐይንዎ እያየ» አለችና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረች። «የኔን ላጥፋልዎት።»

«ተዪው።»

«እ?»

«ከመብራቱ አንቺ ትሻያለሽ።»

ሚስቴ ሳቋ አመለጣት። ልጅቷ አልሳቀችም።

«ይኼ ይቅርታ ነው ሐወቦይ?»

«አይደለም። ስለ መብራት ነው ያወራሁት።»

«ገባኝ» አለች፣ ወንበሩንም እንደገና ገፋችልኝ። ተጫንኩት።

ሁለተኛው ሙከራ ተሳካ። የፋብሪካውን ምልክት በማግስቱ ጠለፍን። አረንጓዴዋ ቀኝ ጥግ ሄዳለች፣ አሁንም በጠዋት ግራውን ስነካ ማሽኑ ዝም ይለኛል። የወይራውን ቅጠል ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም። ደመና ሲያስገመግም ግን ሥዕሎቹ እሷ ዘንድ መኖራቸውን አስባለሁ። ሙጫውን አላነሣሁትም።