ጋቢዬን ይዤ ከመርሳ ወልድያ

መርሳ፣ ጎህ ሲቀድ

መናኸሪያው ጭር ብሏል። የወልድያው ሚኒባስ እስኪሞላ ከእናቴ ጋር ቆመናል። እናቴ የማንጎ ቅርጫቷን እስክንመለስ ብላ ለጎረቤት ሻጭ አደራ ሰጥታለች። መርሳ ቆላ ናት፤ በዚህ ሰዓትም ሰው ሁሉ ስስ ልብስ ለብሷል። እናቴ ግን ጋቢዬን አጥፋ ክንዷ ላይ ይዛለች።

እንቅርቴ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ብርድ ከሰውነቴ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ፊቴ አበጠ፣ ቀንም ሌሊትም እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር። አውቶቡስ መስኮት ስር እየሮጥኩ ፍራፍሬ የምሸጥ ልጅ፣ ቅርጫት ማንሳት ሲያቅተኝ እናቴ በእኔ ቦታ ገባች። የወጣውን ዕጢ ሥራ የሚተካ ኪኒን በየቀኑ እውጣለሁ። መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨመረ፤ ለውጥ አልመጣም። ሐኪሙ፣ ይሄም ካልሠራ ደሴ ትልቁ ሆስፒታል እልክሻለሁ ብሎኛል። ባለፈው ሳምንት ደም ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱ ዛሬ ይነገረኛል።

ሲሪንቃ

ከመንገዱ ዳር የግብርና ምርምር ማዕከሉ ማሽላ በመስመር በመስመር ቆሟል። መኪናው ውስጥ ግን መተንፈሻ የለም። ጥምጥም የጠመጠሙ አባት፣ ንፋስ ይመታናል ብለው መስኮቱን ዘግተዋል። ሾፌሩ በመስታወት ጋቢውን አይቶ ሳቀ።

«እናት፣ ወልድያ በረዶ ጣለ እንዴ?»

«አንተ መሪህን ያዝ» አለችው እናቴ።

ከሁለት ወር በፊት በዚሁ መንገድ ስንመለስ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች መርሳ ደረሰች። ያን ቀን ነርሷ ኪኒኑን በምን እንደምውጠው ስትጠይቀኝ አንገቴን ደፋሁ፤ እናቴ ኮርታ፣ በትኩስ ወተት ነው አለች። በእኛ አገር ጠንካራ መድኃኒት በባዶ ሆድ አይሰጥም፤ አንጀት እንዳያቃጥል ወተት ይቀድመዋል። ነርሷ በቀስታ አስረዳችን፤ ይሄ ኪኒን ግን ከወተትም ከምግብም ጋር ሲገናኝ በደንብ ወደ ደም አይገባም፣ በውሃ ብቻ ተውጦ፣ ምንም ሳይቀመስ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት።

በማግስቱ እናቴ ኪኒኑን ለሶላት ከምታጠብበት የውዱ ጆግ አጠገብ አስቀመጠችው። ለንጋቱ ሶላት ለሱብሂ ስነሳ በውሃ እውጣለሁ፣ ውዱ አደርጋለሁ፣ እሰግዳለሁ። ላሚቱ የምትታለበው ከዚያ ወዲያ ነው። ወተቱ ሲደርስ ሰዓቱም ይደርሳል። ይህን ዘዴ ማንም አልነገራትም።

ወልድያ

የተሳፈርንበት ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ሱቆች መዝጊያቸውን እያነሱ ነው፣ ከአንዱ ቤት የፉል ሽታ ይመጣል። አልራበኝም። ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች።

ሐኪሙ ወረቀቱን ቀና ሳይል አነበበው። እንደገና አነበበው። ደሴ ታየኝ።

«ውጤቱ ልክ ገብቷል» አለ። «የትም አልክሽም። ግን ተሻለኝ ብለሽ እንዳትተዪው፤ በዚሁ መጠን ቀጥዪ፣ ለምርመራ ትመጫለሽ።»

«ወተቱስ?» አለች እናቴ።

«ትጠጣ እንጂ፣ ሰዓቱን ጠብቃ።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ እኮ ላሚቱን ልሸጣት ነበር።»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ በር ላይ ከደረስኩ በኋላ ተመለስኩ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ግን ጠየቅሁት፣ ቅርጫት ብሸከም ይጎዳኛል ወይ ብዬ። ተሸከሚ አለኝ።

መመለሻ

ጠዋት የወሰደን ሚኒባስ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ መስኮቱ እንደገና ተዘግቷል። ሲሪንቃን ስናልፍ ግንባሬን ዳሰስኩ፤ እርጥብ ነው። ላብ ነው። ምን ያህል ጊዜ ሆነኝ ካላበኝ! መኪናው ሙሉ ሰው ነው፣ ቢሆንም ድምፄ ወጣ።

«መስኮቱን ክፈቱልኝ፣ ሞቆኛል።»

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። «ባለ ጋቢዋ ነሽ?»

እናቴ መልሴን አልጠበቀችም። በሁለት ሰው ጉልበት ላይ ተንጠራርታ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ሳበችው።

መርሳ ስንደርስ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ገብቷል፤ ሻጮች ይሯሯጣሉ። ቅርጫታችንን ተቀበልኩ። ጋቢውን ከእናቴ ክንድ ወስጄ ጠቀለልኩት፣ ራሴ ላይ አኖርኩት፣ የማንጎውን ቅርጫት በላዩ አስቀምጬ ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ።