ሚዛን እና በር ጠባቂው

ከሥራ ስትገባ እናቷ የምትጠይቃት ጥያቄ ያው አንድ ነው። «ዛሬስ ማንን ገደልሽ?» እሷም ጫማዋን እያወለቀች «ሁለት ዘንዶና አንድ ሽፍታ» ወይም «አንድ ጠንቋይ፣ እሱም በግድ» ብላ ትመልሳለች። ጎረቤታቸው አንድ ቀን ይህን ሰምታ ደረጃው ላይ ክው ብላ ቀርታለች ይባላል። ምን ታድርግ፤ ወደ ሃምሳው የምትጠጋ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጭምት ሴት እንዲህ ስታወራ የሰማ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሥራዋ ግን ይኸው ነው። ከጎማ መሸጫው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቪዲዮ ጌም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አለ፤ እሷ እዚያ ጠላት ትመዝናለች። ተጫዋቹን የሚገጥም አዲስ ጠላት ሲሠራ፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ የሚገጥመው እሷን ነው። ይገድላታል፣ ትነሣለች፣ ትገድለዋለች። በመጨረሻ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ትላለች። ቃሏ አይታጠፍም። ለዚህ ነው ስሟን ትተው ሚዛን ያሏት፤ ዛሬ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ሰው ያለም አይመስለኝም።

እንግዲህ ጠላት መመዘን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጠንካራ ጠላትማ ማንም ይሠራል፤ ግድግዳም ጠንካራ ነው። የሚዛን ሕግ ሌላ ነው። «ጠላት ከመምታቱ በፊት መናገር አለበት» ትላለች። በአፉ አይደለም። ትከሻውን ዝቅ ያድርግ፣ እግሩን ይሳብ፣ ብቻ ልብ ብሎ ያየ ሰው እንዲያውቅ ምልክት ይስጥ። ከመታም በኋላ ትንሽ ይድከም፤ ያኔ ተጫዋቹ ተራውን ያገኛል። ምልክት ሰጥቶ የሚገድልህ ጠላት ላይ ቂም አትይዝም፤ «የራሴ ጥፋት ነው» ብለህ ደግመህ ትነሣለህ። ምልክት ሳይሰጥ የሚገድልህ ግን አታላይ ነው። ተጫዋቹ በእጁ የሚጫወትበትን ጆይስቲክ ወርውሮ ይሄዳል፤ ከሄደም አይመለስም።

ጠላቶቹን የሚሠራው ሰውዬ የጠላት አባት ይባላል። ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ተንኮል ከየት እንደሚመነጭለት እንጃ። ድርጅቱ ሲከፈት ጀምሮ ከሚዛን ጋር አብረው ናቸው። እሱ ይወልዳል፣ እሷ ትገድላለች፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። ዘንድሮ ታዲያ እስከ ዛሬ ከወለዳቸው ሁሉ የሚበልጠውን ይዞ መጣ። ስሙን በር ጠባቂው አለው።

በር ጠባቂው ድልድይ ጫፍ ላይ የቆመ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት፣ ረጅም የብረት ዘንግ የያዘ ግዙፍ ሰው ነው። አካሄዱ ሲታይ ያሳዝናል። ከራቅከው ድንጋይ ይወረውርብሃል፤ ከተጠጋኸው በዘንጉ ይጠርግሃል። ቁስልህን ላክም ብለህ መድኃኒት ስታወጣ ያ እግሩን የሚጎትት ሰውዬ ድንገት ይሮጣል። የሁሉም ቁንጮ ግን ትከሻው ነው። ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል፤ መታ ስትል አይመታም፣ ይቆያል። ቸኩለህ ከዘለልክ አየር ላይ ይቀበልሃል። ታግሰህ፣ ዘንጉ ንቅንቅ ሲል ከዘለልክ ግን ጀርባው ባዶ ነው።

ሚዛን ታገሠች። ትከሻው ዝቅ ሲል አየች፣ ጠበቀች፣ ዘንጉ ንቅንቅ ሲል ዘለለች፣ ሞተች። ደግማ ተነሣች። አየች፣ ጠበቀች፣ ዘለለች፣ ሞተች። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ፣ ምሳዋን እስክትረሳ ገጠመችው። ሳምንቱን ስትሞት ከረመች። በመጨረሻ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ያታልላል» አለች።

የጠላት አባት ፊቱ ተለወጠ። «ምኑ ላይ?»

«ዘንጉ ከተነሣ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ዓይን ያየውን እጅ እስኪሰማ ሰው ያልቃል።»

«ሚዛንዬ፣ ጊዜውማ አለ። ራሴ ለክቼዋለሁ።»

«አንተማ ልጅህ ነው። የማን አባት ነው ልጄ አጥፍቷል የሚለው?»

የድርጅቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ክርክሩን በአጭሩ ቆረጡት። «ሚዛን ልክ አይደለም ካለች ልክ አይደለም። ፍጥነቱን ቀንስለት፤ መድኃኒት ሲወጣ የሚሮጠውንም ተወው። አርብ ጨርሰን እንዘጋዋለን።» የጠላት አባትም ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠና የገዛ ልጁን ጥርስ መንቀል ጀመረ።

ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ከሚዛን አጠገብ የምትቀመጥ፣ በቅርቡ የተቀጠረች አንዲት ልጅ አለች፤ አዲሷ ይሏታል። ክፋት የማያውቃት፣ የመጣላትን የምትናገር ናት። ቦርሳዋን እያነሣች «እኔ እኮ ትናንት አልፌዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ገደለኝ፣ ከዚያ ገባኝ። ደስ ሲል።»

«ዕድልሽ ነው» አለቻት ሚዛን። መንገዱን ሁሉ ግን ያቺ «ደስ ሲል» የምትለው ቃል ጫማ ውስጥ እንደ ገባች ጠጠር ስትቆረቁራት ሄደች።

እናቷ ያንን ጥያቄዋን ጠየቀቻት። «ማንንም» አለች ሚዛን። «አታላይ ገጥሞኝ ነው።»

እናቷ በደህናው ጊዜ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሬዲዮዋን ድምፅ ቀነስ አደረገችና «እኔም አንድ ሰሞን አታላይ መርፌ ገጥሞኝ ነበር» አለች። «ክር አላስገባ አለኝ። መርፌ ለወጥኩ። ክር ለወጥኩ። ባለሱቁን አንድ ያልቀረ ስድብ ሰደብኩት። ትምህርት ቤት ከመሄድሽ በፊት መርፌዎቹን ሁሉ ክር አስገብተሽልኝ እንድትሄጂ አደርግሽ ነበር፤ ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል። ለጨዋታ ይመስለኝ ነበር።»

«የምን ጨዋታ። ዓይኔ ነው። ለደንበኞቼ ትንፍሽ አላልኩም፤ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ አጣምሜ ሰፍቼ ሙሽሪትን እስካስለቅሳት ድረስ።» ይህን ብላ ወደ ሬዲዮዋ ዞረች። ምክር የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ነገሯን ጣል ታደርጋለች፣ ያነሣ ያንሣው።

በማግሥቱ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ሚዛን ቀረች። ከመደርደሪያው ላይ ድርጅቱ የሠራውን የመጀመሪያ ጌም አውርዳ ከፈተች። እዚያ ውስጥ ባለ ሁለት ጎራዴ ሽፍታ አለ። ይህን ሽፍታ በደጉ ጊዜ ዳቦዋን በጥርሷ እንደ ያዘች ትገድለው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ጋሼ እሷን ጠርተው «እስቲ አሳዪልን» ይሉ ነበር።

ሽፍታው መጣ። ያው ነው። ያው ጥምጥም፣ ያው ግራ ቀኝ ማለት፣ ከመዝለሉ በፊት ያው ጉልበቱን ማጠፍ። የጌም ጠላት አያረጅም፤ እንደ ተወለደ ይቀመጣል። ጉልበቱን ሲያጥፍ አየች፣ አውራ ጣቷን ጫነች፤ የጫነች መሰላት። ጎራዴው ደርሶባት ነበር። ደገመች። ደርሶባት ነበር። ሠለሰች። ሞተች። ዳቦዋ እንደ ተጠቀለለ ነው። እጇን አገላብጣ አየችው። አይንቀጠቀጥም፣ አያመውም፤ የትናንት እጇን ይመስላል።

እውነቱን እናውራ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ዝም ማለት ነው። ማን ያውቅባታል? በር ጠባቂው ለዝቦ ይወጣል፣ እሷም ሚዛን ሆና ትኖራለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ መቀመጥ እንደሆነ ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። ይህን ወንበር ካጣች ሌላ ምን ታውቃለች? ዕድሜዋን የተማረችው መግደልና መሞት ነው፤ ለዚያ የሚቀጥራት ሌላ ቤት የት ይገኛል። ፈራች።

ጌሙን ልትመልስ ስትነሣ በጠላት አባት ጠረጴዛ በኩል አለፈች። ኮምፒውተሩን ክፍት ትቶ ወጥቷል። ስክሪኑ ላይ በር ጠባቂው ቆሟል፤ ጥርሱ የተነቀለው። ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ዘንጉን አነሣ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ሚዛን አንጀቷን በላት። ያ ተንኮለኛ ምን አጠፋ? ምልክቱን ሰጥቷታል፤ እሷም አይታዋለች። ሕጓን አንድም ቀን አልጣሰም። ታዲያ ሳይናገር የሚመታው ማን ሆነ? እሱ ወይስ እሷ?

አርብ ሁሉም ጋሼ ቢሮ ተሰበሰቡ። የጠላት አባት አዲሱን፣ ለስላሳውን ሊያሳይ ሲል ሚዛን እጇን አነሣች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልናገር። በር ጠባቂው እንደ ነበረ ይመለስ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያታልላል አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። እሱ አላታለለም፤ የዘገየው የኔ እጅ ነው። የድሮውን ሽፍታ ገጥሜው ነበር፤ ገደለኝ።»

የድሮው ሽፍታ ሲባል ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። የጠላት አባት «ካለፉት ሁለት ጌሞች ወዲህ ተጫዋቾች የሚጽፉትን አንብበሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላውቅም።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

«ጠላቶቻችሁ ለዘቡ ይላሉ። እንቅልፍ ያመጣሉ ይላሉ። አንቺ ፈጥኗል ስትይኝ እቀንሳለሁ፤ ደግመሽ ስትይኝ ደግሜ እቀንሳለሁ። እኔ እኮ ያለቀልኝ እኔ መስሎኝ ነበር፣ ሚዛንዬ። ጠላት መሥራት ጠፍቶኝ። ሌላ ሥራ ልፈልግ ነበር።»

ሚዛን በራሷ ላይ የሚመጣውን ነበር ስትፈራ የሰነበተችው፤ በሰው ላይ ያደረሰችውን ፈጽሞ አላሰበችም። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ሚዛን አይደለሽ? ከሚዛን ጋር ማን ይከራከራል።»

«ይቅር በለኝ» አለች። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ አንገቱን ደፍቶ የበር ጠባቂውን ጥርሶች አንድ በአንድ መለሰ። ጋሼ «እንግዲህ ወንበሩን...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። የጨረሰችው እሷ ናት። ጆይስቲኩን አንሥታ አዲሷ ፊት አስቀመጠችላት። «ነይ ግጠሚው።»

አዲሷ ገጠመችው። ሚዛን ከኋላዋ ቆመች። ትከሻው ዝቅ አለ። አዲሷ ጠበቀች። ዘንጉ ንቅንቅ ሲል ሚዛን በትንፋሿ «አሁን» አለች፤ ልጅቷ የዘለለችው ልክ በዚያ ቅጽበት ነው። ጀርባው ባዶ ሆነ፣ በር ጠባቂውም ወደቀ። አዲሷ ሳቀች። የጠላት አባትም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ጋሼ ሚዛንን አይተው ከአዲሷ ጀርባ የምትቀመጥበት አንድ ወንበር እንዲመጣላት አዘዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ግን አዲሷ ናት።

ያን ቀን ሚዛን ቤት ስትገባ ጥያቄው ጠበቃት። «ዛሬስ ማንን ገደልሽ?»

«ማንንም። በር ጠባቂው ገደለኝ።»

«ያ አታላዩ?»

«አታላይ አይደለም እማዬ። ጎበዝ ነው» አለችና አለቀሰች።

ስትጨርስ እናቷ ቁልፉ የተበጠሰ ሹራብ ከነመርፌው ዘረጋችላት። «በይ ክሩን አስገቢልኝ፤ እኔ አላይም» አለች፤ ያኔ ያላለችውን፣ አሁን በግልጽ። ሚዛን ዓይኗን ጠርጋ መነጽሯን አደረገች። ክሩ በመጀመሪያው አልገባም። እናቷ ጠበቀቻት።