የአባቴ ሽቦና አዲሱ ቆጣሪ

እንፍራንዝ ላለው ወፍጮ ቤት ኮረንቲ ያስገባለት አባቴ ነው። ያኔ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። አሁን አባቴ ጎንደር ቤቱ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ሲደክም ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ለእኔ አስረክቦ ምላሱን ግን ለራሱ አስቀርቷል። ከሥራ በገባሁ ቁጥር ይመረምረኛል። «ብሎኑን አጥብቀሻል? ሽቦውን በእጅሽ ስበሽ አይተሻል?» አጥብቄያለሁ፤ ስቤም አይቻለሁ። በሥራዬ የምታማ ሴት አይደለሁም፤ ይህን ስናገርም አላፍርም።

አምና አዝመራ ተሰብስቦ ወፍጮ ቤቶች በተጨናነቁበት ሰሞን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለአባቴ ደወሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሥራውን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። የኮረንቲው መስመር በደከመ ቁጥር ወፍጮው እያጓራ ስለሚቆምባቸው፣ ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ጓዳ ውስጥ ባትሪ አስገጥመዋል። መቼ ከመስመሩ፣ መቼ ከባትሪው መውሰድ እንደሚሻል የሚወስን መቆጣጠሪያም አብሮ ገብቷል። መቆጣጠሪያው በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ወፍጮው ምን ያህል እንደሚስብ የሚነግረው ዋናው መስመር ላይ የተገጠመ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ነው። ችግሩ፣ ወፍጮው እየጮኸ ቆጣሪው ዜሮ ይላል። ዜሮ ከተባለ ደግሞ መቆጣጠሪያው ምን አስጨነቀው፤ የሞላ ባትሪ ታቅፎ ይቀመጣል።

«አያ፣ አይከፉብኝ» አሉት አባቴን። ስልኩ ስለሚጮህ እኔም እሰማለሁ። «ሶላሩን የገጠመው ልጅ ጥፋቱ የድሮው ሽቦ ነው አለኝ። ሁሉንም ነቅለን እንደ አዲስ እንዘርጋ ይላል። ሳልነግርዎ ማስነቀሉ ነውር ሆነብኝ።»

አባቴ ስልኩን ዘጋ። ከሠራባቸው ቤቶች አንዳንዱ ፈርሷል፤ አንዳንዱ ታድሷል፤ ከነቦርዱ እንዳለ የቀረለት ይህ ወፍጮ ቤት ብቻ ነው። «በዓይኔ ሳላይ አይነቀልም» አለ፣ ዓይኑ እንደማያይለት ረስቶ። አልሳቅሁበትም። እንዲያውም ከእሱ ይልቅ የተናደድኩት እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ አብረን ወረድን።

ወፍጮ ቤቱ ጤፍና ዳጉሳ ይዞ በመጣ ሰው ተጨናንቋል። ባለቤቲቱ ዱቄት የለበሰ ነጠላቸውን እያራገፉ «ምነው አያ፣ እስከዚህ ድረስ ተንገላቱ?» ብለው አባቴን በርጩማ ላይ አስቀመጡት። እኔ በቀጥታ ወደ ቦርዱ ሄድኩ።

ስከፍተው ሦስቱ ፌዞች፣ ኮረንቲ የሚያመጡት ሽቦዎች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተሰልፈዋል። አንደኛው አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ ሦስተኛው ቀይ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ይህ የአባቴና የሥራ ጓደኞቹ ልማድ ነው፤ ፌዞቹን በሰንደቅ ዓላማው ቀለም ተራ ነበር የሚለዩት። ለእነሱ ይህን የሚስት ሰው አይኖርም፤ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ ባንዲራ ሲሰቀል አይቷል። በሙያው መጽሐፍ ግን አንደኛው ፌዝ ቀይ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ ነው። አረንጓዴ ደግሞ ጭራሽ ፌዝ አይደለም፤ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ምልክት ነው።

የገጠመው ልጅ ሞኝ አልነበረም። አረንጓዴውን በቴስተር ሲነካው ኮረንቲ ሲያገኝበት ክው ብሎ መሆን አለበት። ከዚያ መጽሐፉን ተከትሎ የቆጣሪውን አንደኛ ሽቦ ከቀዩ፣ ሦስተኛውን ከአረንጓዴው አሰረ። ኮረንቲ የሚለኩትን ቀለበቶች ግን ብሬከሩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ከግራ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ አጠለቃቸው። ስለዚህ ዳርና ዳር ባሉት ላይ ቆጣሪው የአንዱን ፌዝ ቮልቴጅ ከሌላው ፌዝ ኮረንቲ ጋር እያጋባ ያሰላል። መካከለኛው ብቻ ልክ ይላል፤ ሁለቱ ዳሮች ሲደመሩ ከዜሮ በታች ወርደው መካከለኛው የቆጠረውን ይበሉታል። ቆጣሪው ላይ ፌዞቹን ለየብቻ እያገላበጥኩ ሳይ ይኸው ሆኖ ስላገኘሁት ብቻዬን ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሻል?» አለ አባቴ ከበርጩማው።

«ሽቦህ ደህና ነው። ቆጣሪው ነው የተምታታበት።»

ወፍጮው ይቁም ስል ወረፋ የያዘው ሰው አጉረመረመ። ግድ አልሰጠኝም። ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩ፤ ባትሪውንም ለይቼ አጠፋሁ፤ ኮረንቲ አለመኖሩን ሞክሬ የቆጣሪውን አንደኛና ሦስተኛ ቀጫጭን ሽቦዎች አቀያየርኳቸው። ብሎኑን አጠበቅሁ፤ ስቤ አየሁ። ከቆጣሪው ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደውን የመልእክት ገመድም ፈትሼ እንዳለ ተውኩት። ከዚያ «አስነሱት!» አልኩ።

ወፍጮው ሲነሳ ቆጣሪው ላይ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ባትሪው ማገዝ ጀመረና ከመስመሩ የሚሳበው ቀስ በቀስ ወረደ። ባለቤቲቱ እልል አሉ። «ሸጋ! እሰይ ልጄ! አያ፣ ሽቦዎ አይነቀልም፤ ማንም አይነካውም!» የአባቴ ፊት በራ። እንደዚያ ሲደሰት ካየሁት ቆይቼ ነበር።

እዚያ ላይ ብተወው ሁላችንም በሰላም ወደየቤታችን እንገባ ነበር። ግን አረንጓዴው ናስትሮ ዓይኔ ላይ ቀረ።

«አባዬ» አልኩት «አረንጓዴው መነሳት አለበት።»

«ምነው? ባንዲራው ምን በደለሽ?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አንተ እንደዚህ እንደምታስር እኔ ስለማውቅ ነው። ከእኔ በኋላ የሚመጣው አያውቅም። የመሬት ሽቦ ነው ብሎ በባዶ እጁ ይይዘዋል።»

«እስከ ዛሬ ማን ሞተበት?»

«ማንም። የሚነካው አንተና እኔ ብቻ ስለነበርን ነው!» አልኩ፤ ሳላስበው ድምፄ ከወፍጮው በላይ ወጣ። አባቴን በሰው ፊት ተቃውሜው አላውቅም። አሳዘነኝ፤ ግን ልክ ነበርኩና ከተናገርኩት አንዲት ቃል አልሳብኩም።

አባቴ ከበርጩማው ወደ ድምፄ ዞረ። «አጥፊው» አለኝ። እንደገና ሁሉንም አጥፍቼ ሞከርኩ። ናስትሮውን ልፈታ ስል «ቆዪ» ብሎ ከበርጩማው ብድግ አለ። እጁን ይዤ እስከ ቦርዱ ብቻ አደረስኩት፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አላስፈለገውም። በጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ አንደኛውን ሽቦ አገኘው፤ የናስትሮውንም ጫፍ በጥፍሩ ወዲያው ያዘውና ላጠው። ያን ሁሉ ዓመት ተጣብቆ የኖረ ነገር እንዴት እንዲህ በቀላሉ እንደታዘዘለት ገረመኝ።

«አሁን የመጀመሪያው ምንድን ነው?»

«ቀይ።»

ቀዩን ናስትሮ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ጠበቅ አድርጎ ጠቀለለው። የቀድሞውን ቀይ አንስቶ በቦታው ሰማያዊ አደረገ፤ ቢጫው እንዳለ ቀረ። እያንዳንዱን ጠቅልሎ ሲጨርስ የናስትሮውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ ለጥፍር የምትሆን ትንሽ ጆሮ ይተውለታል።

«ለምንድን ነው የምታጥፈው?» አልኩት።

«ኋላ የሚፈታው እንዳይቸገር» አለኝ።