የአሥራ አንድ ቀን ታሪክ ጸሐፊ

ባለፈው እሑድ ቴሌቪዥን ስመለከት አንድ ሽበታም የውጭ አገር ምሁር ቀረበ። ዕድሜውን ሙሉ የፕሬዝዳንቶችን ታሪክ ሲጽፍና ሲያማክራቸው የኖረ ሰው ነው አሉ። ከኋላው የተደረደረው መጽሐፍ ከጅማው ጅሬን ኮረብታ ይበልጣል። ጠያቂዋ ሥራው አያስፈራም ወይ ብትለው፣ ያስደስታል እንጂ ብሎ ፈገግ አለ። ሳቄን ሰምታ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

"ምን ያስቅሃል?"

"የሥራ ባልደረባዬን አየሁት።"

እንደ ልማዴ እያጋነንኩ መሰላትና ተመለሰች። እውነቴን ነበር። እኔም በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ላይ፣ ለአሥራ አንድ ቀን የባለሥልጣን ታሪክ ጸሐፊና አማካሪ ነበርኩ። የኔን ያህል የፈራ ታሪክ ጸሐፊ ግን በዓለም ላይ የተፈጠረ አይመስለኝም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ አልጋዬን ካስገባሁ እኔ ደጅ የምቀርባት ክፍል ተከራይቼ ታሪክ አስተምራለሁ። ወሬ በማሳመር የታወቅኩ ነበርኩ፤ ጠዋት ያየሁት ድመት ክፍል እስክደርስ ነብር ይሆናል። የጎዳኝም ይኸው ዝናዬ ነው። ቡና በሚለቀምበት ሰሞን አንድ ትልቅ ጓድ ከአዲስ አበባ መጥተው አጋሮ ያለውን የቡና ማጠቢያ ሊጎበኙ ነው ተባለ። ፕሬዝዳንት አልነበሩም፤ ግን በዚያ ዘመን ሦስት ላንድክሩዘር አስከትሎ የመጣ ሁሉ ለኛ ፕሬዝዳንት ነው።

የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ጓድ ታደለ አስጠሩኝ። እንግዳው በወጣት መኮንንነታቸው በዚህ አገር አልፈዋል ስለሚባል፣ አጋሮ ሄጄ ያስተናገዳቸውን ሰው እንድፈልግና የሕይወት ታሪካቸውን በትንሽ መጽሐፍ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ካማረ ምስጋና አለው አሉ።

"ካላማረስ?" አልኩ ለመቀለድ።

"ግንባር ላይም መምህር ይፈለጋል" አሉኝ። እሳቸው አልቀለዱም። ወደ ሰሜን የዘመቱ እኩዮቼ ያኔ ደብዳቤ መጻፍ አቁመው ነበር።

የአጋሮ መንገድ ኮረት ነው። አውቶቡሳችን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ጢሜ ያደገ ይመስለኛል። ግራና ቀኝ ከጥላው ዛፍ ሥር ቡናው ደም መስሏል፤ ወንዝ ዳር የተከመረው የቡና ገለፈት እንደ ድፍድፍ ይሸታል። ከተማው ውስጥ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቤት ጠቆመኝ፤ ወደ አባ ዲጋ። ሰባን ያለፉ ቡና ገበሬ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ አንድ የታመመ መኮንን ቤታቸው እንዳስታመሙ አገር ያውቃል።

ካኪዬን ለብሼ፣ ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ሙሉ የቡና ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ የሚቆረጠመውን ቡና ቀላ አቀረቡልኝ። እኔም ጥያቄዬን ጀመርኩ።

"አባ ዲጋ፣ ዛሬ ትልቅ ሹም የሆኑት ጓድ እርስዎ ቤት አርፈው ነበር አይደል?"

"ኤዬ" አሉኝ፤ አዎ ማለታቸው ነው።

"ያኔ ወጣት መኮንን ነበሩ?"

"ኤዬ፣ ወላሂ። መኪናውን ጭቃ ያዘው፣ እሱን ወባ ያዘው። እዚህ መደብ ላይ አራት ቀን ተንቀጠቀጠ። ከወተት በቀር ምንም አልቀመሰም።"

በቃ፣ ደብተሬን አጠፍኩ። ስም አልጠየቅኩም። የትልቅ ሰው ስም ያለ ማዕረጉ በማይነሳበት ዘመን፣ ማዕረጉን ስደረድር ስሙ ጋ ሳልደርስ ይደክመኛል። ደግሞም ያኔ ካኪ የለበሰ ሰው አይደል ብሎ ሲጠይቅ መልሱ "ኤዬ" ነው። ይህን ታሪክ አስተማሪው ማወቅ ነበረብኝ።

ሦስት ቀን ጻፍኩ። አራቱን ቀን ሁለት ሳምንት አደረግኩት። ወባውን በአብዮታዊ ወኔ አስወጣሁላቸውና ከጭቁኑ ገበሬ ጋር ቡና አስለቀምኳቸው። ወተቱ ለታሪክ ቀዘቀዘብኝ፤ ስለዚህ ቡና ቀላ ጨመርኩ፣ ከገበሬው መዳፍ ላይ እየዘገኑ በሉ ብዬ። ጓድ ታደለ ሲያነቡት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ተባዝቶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ መልሱም ወዲያው መጣ። እንግዳው ሽማግሌውን መድረክ ላይ ሊያገኟቸው ይፈልጋሉ።

በስምንተኛው ቀን፣ አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል ፎቶግራፍ ፍለጋ ወደ አባ ዲጋ ተመለስኩ። የኔ ምን ያደርግላችኋል፣ የሱ አለኝ ብለው ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ። ቀጭን፣ ፍንጭት፣ ዓይኑ የሚስቅ ልጅ። የኛ እንግዳ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ያለው ፊታቸው ክብ ነው። ገለበጥኩት። "ለአባቴ ለአባ ዲጋ፣ ከመቶ አለቃ በላቸው" ይላል፣ ከነአባቱ ስም። ስሙን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደባቸው ሰዎች ዝርዝር በሬዲዮ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ፤ አባቴ የሬዲዮኑን ድምፅ የቀነሰው እሱ ስም ላይ ነበር።

ተገደለ የተባለን ሰው ውለታ ለሹም ሰጥቼ፣ አባዝቼ አሰራጭቻለሁ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅከኝም፣ ልጄ። ሞተ ብለውኝ ነበር። አንተ መጥተህ ሹም ሆኗል፣ ሊመጣ ነው ስትለኝ፣ ተርፏል ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ።" ፎቶውን ከእጄ ወሰዱ። "እና የሚመጣው ማነው?"

እንዳልተረፈ ነገርኳቸው። ፎቶውን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉ፤ ቋጠሮው ግን እምቢ አላቸው፣ እኔ ቋጠርኩት።

ጓድ ታደለ ጉዱን ሲሰሙ ተነሥተው በሩን ዘጉ። ታሪክ ጸሐፊው አንተ ነህ፣ አሁን ደግሞ አማካሪ ሁንና ምከረኝ አሉኝ። ሽማግሌው ታመዋል እንበል አልኩ። እንግዳው ቤታቸው ድረስ ልሂድ ቢሉስ? አሉኝ። እንግዲያው ዝም እንዲሉ ለምናቸው ተባልኩ።

አባ ዲጋም ካልጠየቁኝ አልናገርም አሉ። "ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። እነሱን የምፈራበት ዕድሜ አለቀብኝ።"

የኔ ዕድሜ አላለቀም። እስከ አሥራ አንደኛው ቀን እህል በአፌ አልዞረም፤ ሱሪዬ በቀበቶ ሳይሆን በጸሎት ነበር የሚቆመው።

ቀኑ ደረሰ። የቡና ማጠቢያው ግቢ በሰው ተሞላ፣ ጽሑፌ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። እንግዳው አባ ዲጋን በእጃቸው ስበው ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጓቸው።

"አባቴ፣ ያስታውሱኛል?"

ጓድ ታደለ ወደ ጫማቸው አዩ። አባ ዲጋ ሰውየውን ረጋ ብለው ተመለከቱ። እስኪናገሩ ሌላ ቡና ተተክሎ ይደርስ ነበር።

"ያንን ልጅ አስታውሰዋለሁ" አሉ በመጨረሻ።

እንግዳው ሽማግሌውን አቀፏቸው። "እኔም አልረሳሁም። የዚያ ቡና ቀላ ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ነው።"

ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ አልዘመትኩም፣ አልታሰርኩም፤ እንዲያውም የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ።

ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ስነግር ቡና ቀላው ጋ ስደርስ ሁሌም ይስቃሉ፤ እኔም እዚያ ላይ አቆማለሁ። ከሣቁ በኋላ ያለውን ግን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ማንም ሳያዘኝ፣ መትረፌን ሳውቅ፣ እጄ እስኪግል። አባ ዲጋ ከመድረኩ ሲወርዱ አጠገቤ ቆሙ፤ ያዩት ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው።

"ወተት ብቻ ነው የጠጣው" ብለውኝ ሄዱ።

ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ነገር አጋንኛለሁ። ይህችን ግን እየቀነስኩ ስነግራት ነው የኖርኩት።