ፎረሙ መርዶ ሊነግር ሲል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ... ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔ ላይ አፍጥጫለሁ። «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይለኛል። ዘግቼ እከፍተዋለሁ... ያው ነው። ፓስዎርዱን እንደገና እጽፋለሁ... ያው!

ነገሩ እንዲህ ነው ወዳጆቼ። ዕድራችን ኢንተርኔት ላይ የራሱ ፎረም አለው፤ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ቤት ያከራያል የሚባልበት። ፎረሙን ያስቀመጥንበት የድሮው ሆስቲንግ ስላማረረን፣ ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር ተጋርተው ወደሚኖሩበት ርካሽ ቦታ እያዛወርኩት ነበር። «አንቺ ጸሐፊ አይደለሽ? ኮምፒውተር ታውቂያለሽ» ተብዬ እኮ ነው! መጻፍንና ሰርቨርን ምን እንዳገናኛቸው እግዜር ይወቀው።

በዚህ መሀል የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ደወሉ።

«ስሚ ልጄ... የሰብለ አባት ደሴ ላይ አርፈዋል። ነገ ማልደን ሄደን እንነግራታለን። ቤተሰቡ አደራ ብሎኛል።»

ሰብለ ጎረቤቴ ናት፤ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የዛሬ ሁለት ዓመት የእህቷን ሞት በስልክ ሰምታ፣ መሀል መንገድ ላይ ወድቃ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው ያነሷት። ያኔ ነው ዕድሩ «ሁለተኛ ይቺ ልጅ ብቻዋን መርዶ አትሰማም» ያለው።

«ታዲያ ለኮሚቴው እንዴት እንንገር ጋሼ? የስልኩ ግሩፕ ውስጥ እሷም አለች።»

«በየስልኩ መደወል ከጀመርንማ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደጇ ይቆማል! ፎረሙ ላይ የኮሚቴው ዝግ ክፍል አለ አይደል? እዚያ እጽፈዋለሁ። ቶሎ አድርሺልኝ።»

ቢኒ ጋ ደወልኩ። ቢኒ እዚሁ ናይሮቢ ያደገ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ወዳጄ ነው።

«ቢኒ፣ ፓስዎርዱ ትክክል ነው! ለምንድነው እምቢ የሚለኝ?»

«ፖሌ ፖሌ እቴ፣ አትቸኩዪ። ዳታቤዙን ክሬት አድርገሻል?»

«አድርጌያለሁ።»

«ዩዘሩንስ?»

«እሱንም።»

«ሳዋ፣ እሺ። ዩዘሩን ዳታቤዙ ላይ አድ አድርገሽዋል?»

ስክሪኑን አየሁት... አላደረግኩም።

«አየሽ! ቤት ሠራሽ፣ ተከራይ አመጣሽ፣ ቁልፍ ግን አልሰጠሽውም። ደግሞ ሼርድ ሆስቲንግ ስለሆነ ከዳታቤዙም ከዩዘሩም ስም ፊት የአካውንትሽ ስም ይለጠፋል፤ እሱንም ጨምረሽ ጻፊው።»

ጻፍኩ... ገጹ ቦግ አለ! «ጋሽ ታደሰ፣ ሠራ!» ብዬ ደወልኩ። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ሻዬን ቀድቼ ፉት ሳልል ስልኬ ጮኸ። እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ባለ ምግብ ቤቷ።

«ኧረ በሞትኩት! የሰብለ አባት አረፉ እንዴ? አሁን ኢሜይል መጣልኝ እኮ!»

እትዬ ብርቄ የኮሚቴ አባል አይደሉማ!

ፎረሙን ከፈትኩት። ጋሽ ታደሰ ዝጉን ክፍል ትተው፣ ፊት ለፊት ያገኙትን ለሁሉም አባል የሚታየውን ክፍል ከፍተው ጽፈውታል። እዚያ የተጻፈ ደግሞ ለአባል ሁሉ በኢሜይል ይሄዳል። «አልሰማሁም» የሚል እንዳይኖር ብዬ እንደዚያ ያደረግኩት ራሴ ነኝ።

መልሼ ደወልኩ። «ቢኒ! ጽሑፉን ላጥፋው?»

«ማጥፋቱ አይበቃም! ኢሜይሎቹ ወረፋ ይዘው በየተራ እየወጡ ነው። ዳታቤዙን ቁረጪው! ፓስዎርዱን አበላሺው!»

ፓስዎርዱ ላይ የማይሆን ፊደል ጨመርኩበት። ፎረሙ ወደቀ። እንደዚያ ስረግመው የዋልኩት «መገናኘት አልተቻለም» ተመልሶ ሲመጣ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ግን... ለሰብለ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ድምጿን ለመስማት ደወልኩላት።

«ወዬ! ማታቱ ተሳፍሬያለሁ፣ ሙዚቃው አያሰማም፣ ጮክ በይ!»

ትስቃለች። ተመስገን... አልሰማችም። ምን ልበላት ታዲያ?

«እ... በርበሬ አለሽ?»

«ለበርበሬ ነው እንደዚህ ድምፅሽ የሚንቀጠቀጠው? አንቺ ሴትዮ! ጽፈሽልኝ ነበር እንዴ? ባንድልስ ስላለቀብኝ ኢንተርኔት የለኝም። ቤት ስገባ በዋይፋይ አየዋለሁ።»

ቤት ስገባ... በዋይፋይ... ብቻዋን!

ወዲያው ደወልኩ። «ጋሽ ታደሰ፣ ነገ የሚባል የለም! አሁኑኑ ይምጡ!»

«በምሽት መርዶ ተነግሮ ያውቃል እንዴ ልጄ?»

«ዛሬ ይነገራል!»

ሽማግሌው በቦዳቦዳ ሞተር መጡ፤ ነጠላቸው ከኋላ እየተውለበለበ። እትዬ ብርቄም ምግብ ቤታቸውን ለሠራተኞቹ ትተው ደረሱ። የሰብለ በር ላይ ተደርድረን ቆምን። ማንም ማንንም አያይም።

ደረጃውን እየወጣች ገና ከታች አየችን።

«በርበሬ ለመበደር በኮሚቴ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለች እየሳቀች።

ከዚያ የጋሽ ታደሰን ፊት አየች።

ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። «አባዬ ነው?»

እትዬ ብርቄ መሬት ሳትነካ አቀፏት። ጋሽ ታደሰ «አይዞሽ ልጄ፣ እኛ አለን» እያሉ አብረዋት አለቀሱ። እኔ ከወደቀው ቦርሳ ቁልፉንና ስልኳን አንስቼ በሩን ከፈትኩ። ደግፈን ሶፋው ላይ እንዳስቀመጥናት፣ እጄ ላይ ያለው ስልክ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ተገናኘ...

ጢን!

ከዕድሩ ፎረም የመጣ ኢሜይል። ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

መርዶ በማለዳ ነው ይላሉ አባቶቻችን... ለእኛስ ያን ቀን ዋይፋዩን መቅደማችን በቃን።